የመስከረም ብርጭቆ፦ ሎሚ፣ ማርና ጽጌረዳ

መጀመሪያ ያበላሸሁትን ልንገራችሁ። የዛሬ 3 ዓመት፣ የመስቀል ዕለት ማታ፣ ሳሎናችን ውስጥ ስምንት እንግዶች ተቀምጠዋል። «የአበባ ኮክቴል» ብዬ በእጄ የሠራሁትን አቀረብኩ። ሁሉም ቀመሱ። ማንም አልተናገረም። በመጨረሻ ታናሽ እህቴ ብርጭቆዋን አሸተተችና «እቴቴ፣ ይሄ ነገር የእጅ ሳሙና የእጅ ሳሙና አይልም?» አለች። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን ቅጥል ብሏል። ግማሽ ጠርሙስ ጂንና የግማሽ ቀን ድካም ሳሙና ሆኖ ቀረ።

አሁን ያችው እህቴ ከነሐሴ ጀምራ «ዘንድሮም ትሠሪያለሽ አይደል?» እያለች ትደውላለች። በመሃል ምን እንደተቀየረ ነው የምጽፍላችሁ። እናንተም ጂናችሁን እንዳታባክኑ።

የምንኖረው ሱሉልታ ነው። ከአዲሱ ገበያ ወጥታችሁ እንጦጦን ስትሻገሩ፣ የጎጃም መንገድ ሜዳው ላይ የሚዘረጋበት። ክረምታችን ከባድ ነው፤ ጭጋግ፣ ጭቃ፣ አጥንት የሚሰብር ብርድ። ሦስት ወር ሙሉ ሻይና አጥሚት ስንጠጣ እንከርማለን። መስከረም ሲጠባ ሜዳው ቢጫ ይለብሳል፤ ልጆች አደይ አበባ ታቅፈው መንገድ ዳር ይቆማሉ። ያኔ ነው ቀለል ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ፣ ሎሚ ሎሚ፣ አበባ አበባ የሚል ነገር የሚያምረኝ።

ስሙን «የፀደይ መጠጥ» ልለው ነበር። ጎረቤታችን እማማ ሰምተው አረሙኝ። በአገራችን አቆጣጠር ፀደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። ከክረምት ቀጥሎ የሚመጣው መፀው ይባላል፤ እሱም መስከረም 26 ነው የሚገባው። ያው ብዙዎቻችን መስከረምን ፀደይ ማለት ለምደናል። ከእማማ ጋር ግን አልከራከርም። «የመስከረም ብርጭቆ» ብዬው አረፍኩ።

መጠጡ የኔ ፈጠራ አይደለም። የኮክቴል ሰዎች «ሳወር» የሚሉት ቤተሰብ አለ። አልኮል፣ ጎምዛዛ ነገር፣ ጣፋጭ ነገር፤ በቃ። ጂን፣ ሎሚና ስኳር ከሆነ ጂን ሳወር ነው። ስኳሩን በማር ስትተኩት «ቢዝ ኒዝ» ይሉታል። በፈረንጆቹ 1920ዎቹ፣ አሜሪካ ውስጥ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን ነው ስሙ የወጣው። አሠራሩን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ማሩ ወፍራም ስለሆነ ከቀዝቃዛ መጠጥ ጋር አይዋሃድም፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ በለብ ያለ ውሃ አቅጥኑት ይላል። ይሄማ ብርዝ ነው! ትንሽ ወፈር ያለ ብርዝ። ለካ የሚያስፈልገኝን ግማሹን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ጂኑም ቢሆን ዝምድና አለው። ዋናው ሽታው የሚመጣው ከጥድ ፍሬ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ የምናየው የሐበሻ ጥድ የዚያ ዛፍ የአጎት ልጅ ነው። (ፍሬውን ለቅማችሁ አረቄ ውስጥ እንዳትዘፈዝፉ ብቻ። ዘመድ ነው እንጂ አንድ አይደለም።) የአገር ውስጥ ጂን ይበቃል፤ ውድ ጂን አያስፈልግም። አረቄ ግን ሞክሬው አልሆነም። የጌሾው ጠረን አበባውን ይውጠዋል፤ የቤት አረቄ ጥንካሬውም ከሰው ሰው ስለሚለያይ መለካት አይቻልም።

ወደ ሳሙናው ልመለስ። ስህተቱ አንድ አልነበረም፤ ተያይዞ የመጣ ነው።

በመጀመሪያ ጽጌረዳውን ከአበባ ሻጭ ገዛሁ። ረጅም ግንድ ያለው፣ የሚያምር፣ ቀይ። አሁን ሳስበው ያስደነግጠኛል። ለእቅፍ አበባ የሚመረተው ጽጌረዳ ላይ የሚረጨው ፀረ ተባይ፣ ሰው ይበላዋል ተብሎ የተለካ አይደለም። ማጠብም ሙሉ በሙሉ አያወጣውም። እባካችሁ የተገዛ የእቅፍ አበባ መጠጥ ውስጥ አታስገቡ። በዚያ ላይ አብዛኛው ሽታ እንኳ የለውም። የሚመረጠው ለመልኩና እንዳይጠወልግ ነው።

ቀጥሎ የአበባውን ቅጠል ከስኳርና ከውሃ ጋር ድስት ውስጥ ከትቼ አፈላሁት። ሽታው ወጥ ቤቱን ሞላው። ደስ አለኝ። ሽታው ወጥ ቤቱ ውስጥ ካለ ድስቱ ውስጥ የለም ማለት እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ ጋ ከከፍታው የተነሳ ውሃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 91 ገደማ ላይ ነው። ለአበባ ግን እሱም እሳት ነው። ሲቀዘቅዝ ቀመስኩት፤ የተቀቀለ ጎመንና ስኳር። እንግዶቹ ሊመጡ ሁለት ሰዓት ቀርቷል። ደንግጬ ሱቅ ሄድኩና የታሸገ የጽጌረዳ ውሃ ገዝቼ በዓይን ግምት ጨመርኩበት። ያ ነገር በጠብታ የሚለካ ነው። እኔ በማንኪያ። ሳሙናው እንዲህ ነው የተወለደው።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። አበባው እሳት አያይም።

ጽጌረዳው ከግቢዬ ነው። እማማ ቁራጭ ሰጥተውኝ የተከልኩት፣ አበባው ትንሽ፣ ሽታው ግን ከበር የሚጠራ። እናንተም ከምታውቁት ግቢ፣ መድኃኒት ካልተረጨበት ተክል ቁረጡ። አሽትታችሁ ምረጡ፤ የማይሸት ጽጌረዳ መልክ ብቻ ነው። ጠዋት ጤዛው እንደረገፈ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ነው የምቆርጠው። ለስምንት ሰው ሁለት እፍኝ የአበባ ቅጠል በቂ ነው። ነፍሳት እንዳይኖርበት በቀዝቃዛ ውሃ ለቅለቅ አድርጌ ንጹሕ ፎጣ ላይ አደርቀዋለሁ። ከዚያ የእያንዳንዱን ቅጠል ሥር፣ ነጭ የሆነችውን ጫፍ፣ በመቀስ እቆርጣለሁ። አሰልቺ ሥራ ነው። ግን ያቺ ነጭ ጫፍ መራራ ናት። ልጆች ካሉ ለነሱ ስጧቸው፤ የኔዎቹ «አንድ፣ ሁለት» እያሉ ይጨርሱታል።

ቅጠሉን ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ 320 ሚሊ ሊትር ጂን እጨምርበታለሁ። ክዳኑን ገጥሜ ከፀሐይ አርቄ አስቀምጠዋለሁ። አልኮል ሽታ የማውጣት ችሎታው የሚገርም ነው። በየሰዓቱ በሻይ ማንኪያ ቅመሱት። የኔ ጽጌረዳ 3 ሰዓት ይበቃታል። አንዴ አሳድሬው የቆየ ሻይ የሚመስል፣ ምላስ የሚይዝ ነገር ሆነብኝ። ስለዚህ ጽጌረዳ ጽጌረዳ ማለት ሲጀምር አጥልሉት፤ ቅጠሉን ግን አትጭመቁት። ቀለሙ ደብዘዝ ቢል አትደንግጡ። ሎሚው ሲነካው ፏ ብሎ ሮዝ ይሆናል። ልጆቼ በጣም የሚወዱት ክፍል ይሄ ነው፤ ቀለሙ ሲቀየር ቆመው ያያሉ፣ ከዚያ ይባረራሉ።

አደይ አበባስ? ሁሌም የምጠየቀው ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ ጀበናው አጠገብ፣ በር ላይ አስቀምጡት። መጠጡ ውስጥ ግን አላስገባውም። አደይን መቅመስ የምትፈልጉ ከሆነ ትክክለኛው መንገድ ማሩ ነው። ንቦቹ መስከረምን ሙሉ ሲሠሩበት ከርመው፣ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚቆረጠው ቢጫ ማር ውስጥ አለ።

ማሩ ላይ አትሰስቱ፤ ግን ጥቁሩን ማር ለሌላ ነገር አቆዩት። ጠረኑ ኃይለኛ ነው፣ ጽጌረዳውን ይደፍቀዋል። ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ማር ነው የምፈልገው። ለጠጅ የሚሸጠው ሰፈፍ የበዛበት ማርም አይሆንም። ማጥለል ብቻውን ግማሽ ቀን ይወስዳል።

ብርዙ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ጠጅ ሣር። ይሄን ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። አንድ ቀን የጽጌረዳ ሙከራዬን አቅምሻቸው ዝም ብለው ወደ ግቢያቸው ሄዱ። ሲመለሱ አንድ ጭብጥ ጠጅ ሣር ይዘዋል። «ልጄ፣ ይሄ ብቻውን ሴት የሌለበት ሠርግ ነው። ይቺን ጨምሪበት» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጽጌረዳ ብቻውን ከባድ ነው። ጠጅ ሣሩ የሎሚ ሽታ ስላለው ጽጌረዳውንና ሎሚውን ያስታርቃቸዋል።

አራት አምስት ቅጠል በመቀስ ቆራርጬ፣ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ አፈስበታለሁ። 10 ደቂቃ ተከድኖ ይቆያል። (ጠጅ ሣር እንደ ጽጌረዳ አይደለም፣ ሙቀት ይችላል።) አጥልዬ፣ ጣት የማያቃጥል ሲሆን 100 ሚሊ ሊትር ማር እጨምርና አማስላለሁ። እዚያው ላይ የሁለት ሎሚ ልጣጭ እጥልበታለሁ። ልጣጩን በጣም ስስ አድርጋችሁ ላጡት፤ አረንጓዴውን ብቻ፣ ነጩን ሳትነኩ። የሎሚ ሽታ ያለው ጭማቂው ውስጥ አይደለም፣ ልጣጩ ውስጥ ያለው ዘይት ነው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ልጣጩን አውጡት። ይሄ ብርዝ ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ያህል ይቆየኛል። ከዚያ በላይ ካስቀመጣችሁት አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ ወደ ጠጅ መንገድ ጀመረ ማለት ነው።

ሎሚው ከገበያ ነው። እኛ ጋ ውርጩ ስለማይምረው ሎሚ አይበቅልልኝም። ትንሿ የአገራችን ሎሚ ለዚህ ሥራ የተፈጠረች ናት፤ ልጣጯ ስስ፣ ጭማቂዋ ስለታም። ጠንካራውን ሳይሆን ስትጫኑት ለስለስ የሚለውን ምረጡ። ከመቁረጣችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ በመዳፋችሁ አንከባሉት። ከአንዱ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ አገኛለሁ፤ ለስምንት ሰው 11 ወይም 12 ሎሚ ግዙ። ደግሞ እስከ መጨረሻው ጠብታ አትጭመቁት፤ መራራው የሚመጣው ያኔ ነው። ጭማቂው የዕለቱ ይሁን። ያደረ የሎሚ ጭማቂ ጉምዘዛው ይቀራል፣ ሕይወቱ ይጠፋል።

መለኪያ ጉዳይ። ቤታችሁ የአረቄ መለኪያ ካለ ጥሩ ነው፣ ግን መለኪያ ሁሉ እኩል አይደለም። እኔ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው የ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ገዝቼ በሱ ለካሁት። የኛው መለኪያ 40 ሚሊ ሊትር ያዘ። ለአንድ ሰው እንግዲህ እንዲህ ነው፦ ጂን አንድ መለኪያ፣ ሎሚ ግማሽ መለኪያ፣ ብርዝ ግማሽ መለኪያ፣ አምቦ ውሃ አንድ መለኪያ ተኩል። አምቦው 60 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ሎሚያችሁ በጣም ከጎመዘዘ ብርዙን ትንሽ ጨምሩ። ሌላውን አትነካኩ።

መቀላቀያ ዕቃ አልገዛሁም። ክዳኑ የማያፈስ የማርማላታ ብልቃጥ ይሠራል። ጂኑን፣ ሎሚውንና ብርዙን ከበረዶ ጋር ከትቼ፣ ብልቃጡ በረዶ ሆኖ እጄን እስኪያመኝ፣ አሥር አሥራ ሁለት ሰከንድ አራግፈዋለሁ። በሻይ ማጥለያ ወደ ብርጭቆ። ከዚያ አምቦ ውሃ ቀስ ብሎ። አምቦን ብልቃጡ ውስጥ ከታችሁ እንዳታራግፉ። አንዴ አድርጌው ኮርኒሱ ድረስ ሄዷል። ሌላ ጋዝ ያለው ውሃም ይሆናል፤ አምቦ ግን ያቺ ትንሽ ጨው ጨው የምትል ነገሩ ማሩን ታነቃዋለች። መጨረሻ ላይ የሎሚ ልጣጭ ብርጭቆው አናት ላይ ጠምዘዝ አድርጉ። ዘይቱ ሲረጭ በብርሃን ይታያል።

ለአንድ ሁለት ሰው ይሄ ጥሩ ነው። እንግዳ ሲበዛ ግን፣ ያውም ከከተማ ዳር ስትኖሩ፣ ሌላ ፈተና አለ፤ መብራት።

በሁለተኛው ዓመት ሁሉን አስተካክዬ ነበር። ጽጌረዳው ከግቢ፣ ብርዙ ከነጠጅ ሣሩ፣ በረዶውም ሁለት ትሪ ሙሉ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። እስከ ማታ አልመጣም። እንግዶቹ ሲደርሱ በረዶው ውሃ ሆኗል። ያለ በረዶ ቀላቅዬ ሰጠኋቸው። ሳሙና አልሸተተም፤ ግን ጉሮሮ ያቃጥላል፣ ጣፋጩም ይከብዳል። ያን ማታ ነው በረዶ ሁለት ሥራ እንደሚሠራ የገባኝ። ያቀዘቅዛል፤ ሲራገፍም እየቀለጠ መጠጡን ያቀጥናል። እኔ ቅዝቃዜውን ብቻ ነበር የማስበው። የጎደለው ግን ውሃውም ነበር።

ስለዚህ አሁን ውሃውን ራሴ አስቀድሜ እጨምራለሁ። ለስምንት ሰው 320 ሚሊ ሊትር የጽጌረዳ ጂን፣ 160 ሎሚ፣ 160 ብርዝ፣ 160 ንጹሕ የታሸገ ውሃ። ሲደመር 800 ነው፤ የ1 ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። የቧንቧው ውሃ የክሎሪን ጠረን ካለው አበባውን ስለሚገድለው ነው የታሸገ ያልኩት። በረዶም ከሠራችሁ ከዚያው ይሁን። ጂኑን፣ ብርዙንና ውሃውን ከዋዜማው አዋህዱት፤ ሎሚውን በዕለቱ፣ እንግዳ ሊመጣ ሲል። ሲቀዳ ለእያንዳንዱ ሰው 100 ሚሊ ሊትር፣ ላዩ ላይ አምቦ። አልቋል። ማራገፍ የለ፣ እንግዳ ትቶ ወጥ ቤት መመላለስ የለ።

ፍሪጅ ከሌለ ወይም መብራቱ ከሄደስ? ከተማ ላላችሁት አልቀናም፤ እኛ ብርዱ አለን። ዋዜማውን ማታ ጠርሙሱንም አምቦውንም ባልዲ ውሃ ውስጥ አድርጌ በረንዳ ላይ አሳድራቸዋለሁ። ጠዋት እጅ ያደነዝዛሉ። ቀን ላይ ደግሞ እርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጥላ ያለበትና ነፋስ የሚነካው ቦታ አስቀምጣለሁ፤ ጨርቁ ሲደርቅ እንደገና አረጥበዋለሁ። እንደ በረዶ አይሆንም። ግን ይጠጣል፣ ደስም ይላል።

አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ይሄ መጠጥ ቀላል የሚመስለው ለአፍ ነው። ጂኑ 40 በመቶ ከሆነ፣ ብርጭቆው ውስጥ ያለው ወደ 10 በመቶ ይጠጋል፤ ወደ ወይን ጠጅ ማለት ነው። ማሩና አበባው ስለሚደብቁት ሰው እንደ ጁስ ነው የሚጠጣው። እኔ ለአንድ ሰው ሁለት ብርጭቆ ነው የምቀዳው፤ ሦስተኛውን የሚጠይቅ ቡና ይጠብቀዋል። የእንጦጦን ቁልቁለት በማታ መኪና ይዞ የሚወርድ ሰውማ አንድም አይቀመስም። ለሱ ሌላው አለለት።

ሌላው የምለው አልኮል የሌለበት ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ፣ እማማ አልኮል አይነኩም፣ ነፍሰ ጡርም አለች። ለነሱ ስኳር ውሃ ሰጥቶ መሸኘት ነውር ነው። ስለዚህ ቀዝቃዛ የጠጅ ሣር ሻይ 60 ሚሊ ሊትር፣ ብርዝ 30፣ ሎሚ 20፣ በላዩ አምቦ። ጽጌረዳው እንዲገባበት፣ ጥቂት ቅጠል ለብ ባለው ብርዝ ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል ነክሬ አወጣለሁ። ጂን ውስጥ የገባውን ያህል አይሸትም፤ ግን አለ። በተመሳሳይ ብርጭቆ፣ በተመሳሳይ የሎሚ ልጣጭ ነው የማቀርበው። ባለፈው ዓመት ከጂኑ ይልቅ ቀድሞ ያለቀው ይሄኛው ነው።

ጤና አዳም መጨመር የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ቡናችሁ ውስጥ ይቅር። በተለይ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት አይሆንም።

አረፋ ያለው የሚወዱ አሉ። ፈረንጆቹ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ነው የሚጨምሩት። እኔ ጥሬ እንቁላል ለእንግዳ አልሰጥም። ሽምብራ ያለ ጨው ስትቀቅሉ የሚተርፈው ወፈር ያለ ውሃ ያንኑ አረፋ ያወጣል። ለአንድ ብርጭቆ 20 ሚሊ ሊትር፤ መጀመሪያ ያለ በረዶ፣ ከዚያ ከበረዶ ጋር ይራገፋል። የሽምብራ ሽታ ይኖረዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ሎሚው ያጠፋዋል።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ አዲሱ ማር ሲመጣ፣ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ። ያኔ እንግዳ የለም፤ እኔና ባለቤቴ ብቻ። ከመስከረሙ እሱ ይሻላል። ዘንድሮ ግን ኅዳር ሲገባ ውርጩ የጽጌረዳዋን እንቡጦች አጠቆራቸው። ጠጅ ሣሩን ቀድሜ በባልዲ ነቅዬ በረንዳ ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ማታ ማታ ጆንያ አለብሰዋለሁ።